ካዛንቺስ ወደ ላይ እያደገች ነው፤ የእሳት አደጋ ጣቢያዋስ?

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሁለተኛው ዙር የኮሪደር ልማት ካዛንቺስ ሲደርስ የሁላችንም ዓይን ያረፈው በሚፈርሰው ላይ ነበር። ለአሥርት ዓመታት የምናውቃቸው የቀበሌ ቤቶች፣ ሱቆች፣ ሻይ ቤቶችና ሥጋ ቤቶች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተነሡ። ነዋሪው ዕቃውን ጭኖ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሄደ። ጎረቤት ከጎረቤት፣ ደንበኛ ከነጋዴ፣ የመስጂድ ጀማዓም እርስ በርሱ ተለያየ። በቦታው ሰፋፊ መንገዶች፣ የእግረኛ ጎዳናዎችና የረጃጅም ሕንፃዎች ዕቅዶች መጡ። ስለ መፍረሱና ስለ መፈናቀሉ ብዙ ተብሏል፤ ገናም ሊባል ይገባዋል። ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። በፈረሰው ቦታ ላይ የሚቆመውን ከተማ እሳት ቢነሣበት ማን ያጠፋዋል? በምን? በስንት ደቂቃ ደርሶ?

ካዛንቺስ ስሟን ያገኘችው በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ይሠራ ከነበረው «ካዜ ኢንቺስ» ከተባለ የጣሊያን ተቋም ነው። ያኔ የተሠሩት ቤቶች ዝቅ ያሉና ግቢ ያላቸው ነበሩ። ዛሬ በዚያው አካባቢ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን፣ ትላልቅ ሆቴሎች፣ ባንኮችና የመሥሪያ ቤት ሕንፃዎች ቆመዋል። ቂርቆስ ክፍለ ከተማ በስፋቱ 15 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። በዚህች ጠባብ ቦታ ግን መስቀል አደባባይ፣ የአዲስ አበባ ስታዲየምና በቀን በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው የሚያልፍባቸው መንገዶች ተሰባስበዋል። እኛም ሙስሊሞች የዒድ ሶላታችንን በስታዲየሙና በዙሪያው ባሉ ጎዳናዎች የምንሰግደው፣ የጎዳና ኢፍጣሩንም የምናፈጥረው በዚሁ ክፍለ ከተማ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የካዛንቺስ ነዋሪ ብቻ አይደለም።

የሸማ ተራ ሌሊት ያስተማረን

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት በመርካቶ ሸማ ተራ የተነሣውን እሳት ከመካከላችን የረሳው አይኖርም። እሳቱ ሌሊቱን ሲነድ ነጋዴው ከሩቅ ቆሞ ያይ ነበር፤ ለዓመታት ያጠራቀመው፣ በዱቤም ያመጣው ዕቃ በዓይኑ ፊት አመድ ሆነ። ከእነዚያ ነጋዴዎች ብዙዎቹ የኛው ወንድሞችና እህቶች ናቸው። በማግሥቱ ሁለት ዓይነት ንግግር ተሰማ። ነጋዴው የእሳት አደጋ ሠራተኞች ዘግይተው ደረሱ፣ ውኃም አነሳቸው ሲል አማረረ። የከተማው አስተዳደር ኃላፊዎች ደግሞ የቦታው መጨናነቅና የመንገዱ ጥበት ሥራውን እንዳከበደው ተናገሩ።

ሁለቱ ንግግሮች የሚጋጩ ቢመስሉም የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ነው። እሳት በተነሣበት ሰዓት ማንም ሰው መንገድ ማስፋት፣ የውኃ መስመር መዘርጋት ወይም ጣቢያ ማቅረብ አይችልም። ይህ ሁሉ የሚሠራው ከዓመታት በፊት ነው። ካልተሠራ ሠራተኛው ምንም ያህል ቢደፍር፣ ነጋዴውም ምንም ያህል ቢጮኽ ውጤቱ አይለወጥም።

በፒያሳም ተመሳሳይ ነገር አይተናል። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. የከተማዋ ቀደምት ሆቴል የሆነው ጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል የጃዝአምባ የሙዚቃ አዳራሽ ሙሉ በሙሉ ወደመ። በአሮጌ እንጨትና በአሮጌ የኤሌክትሪክ መስመር የተያዘ ቤት አንዴ ከተያያዘ ማዳን የሚቻለው ጥቂቱን ነው።

እዚህ ላይ መርካቶንና ካዛንቺስን የሚለያቸውን ነገር ልብ እንበል። መርካቶ ያረጀ ሠፈር ስለሆነ መንገዱን ለማስፋት ሱቅ ማፍረስ ግድ ይላል። ካዛንቺስ ግን ፈርሳለች፤ ዋጋውንም ነዋሪው ከፍሏል። መንገዱ በሚቀየስበት፣ የኤሌክትሪክና የቴሌ መስመር ወደ መሬት በሚገባበት፣ ቦታው ለአልሚ በሚሰጥበት በዚህ ጊዜ ለእሳት አደጋ አገልግሎት ቦታ መያዝ ቀላል ነው። ሕንፃዎቹ ካለቁ በኋላ ግን ያው የመርካቶ ጣጣ ይመጣል፤ የዚህኛው ልዩነት ወደ ላይ የቆመ መሆኑ ብቻ ይሆናል።

ደቂቃ ሲቆጠር

በአንድ ክፍል ውስጥ የተነሣ እሳት በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች አንድ ሰው በእጅ ማጥፊያ ሊገታው የሚችለው ነው። ሶፋው፣ መጋረጃውና ምንጣፉ ከሰው ሠራሽ ነገር የተሠሩ ከሆኑ ግን አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ክፍሉ በአንድ ጊዜ ሊንቦገቦግ ይችላል። ከዚያ በኋላ በክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው የመትረፍ ተስፋው የመነመነ ነው። በአሜሪካ የእሳት መከላከያ ማኅበር የሚወጣው ኤን.ኤፍ.ፒ.ኤ. 1710 የተባለው መለኪያ የመጀመሪያው ተሽከርካሪ ከጣቢያ ወጥቶ በአራት ደቂቃ ጉዞ ቦታው እንዲደርስ የሚጠይቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን መለኪያ በቂርቆስ ላይ እናስላው። ከባድ የእሳት አደጋ መኪና መንገድ ክፍት ሆኖለት በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ቢሄድ በአራት ደቂቃ የሚጓዘው ሁለት ኪሎ ሜትር ነው። መንገድ ተዘጋግቶ ፍጥነቱ ወደ 15 ቢወርድ አንድ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የሚጓዘው። መንገድ ደግሞ እንደ ወፍ በቀጥታ አይሄድም፤ ይጠመዘዛል። ስለዚህ ሁለት ኪሎ ሜትር የመንገድ ርቀት በቀጥታ ሲለካ ወደ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ይወርዳል። በዚህ ስሌት አንድ ጣቢያ በቀና ቀን የሚሸፍነው ሰባት ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለቂርቆስ ስፋት ቢያንስ ሁለት ጣቢያ ያስፈልጋል ማለት ነው፤ አንዱ በካዛንቺስ በኩል፣ ሌላው ወደ ጎተራና ወደ ሪቼ በሚወስደው በኩል።

ይህ ስሌት አንድ ነገር ይነግረናል። የከተማ ሰዎች ስለ ዘመናዊ ጣቢያ ስናስብ መጀመሪያ የሚታየን ትልቅና የሚያምር ሕንፃ ነው። እሳት ግን የሕንፃውን ውበት አይጠብቅም። በአንድ ግዙፍ ጣቢያ ፋንታ በሁለት ተስማሚ ቦታዎች የቆሙ፣ መጠነኛ ግን በሚገባ የታጠቁ ጣቢያዎች የበለጠ ሕይወት ያድናሉ። በ2008 ዓ.ም. መስከረም ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡርም በስሌቱ መግባት አለበት። ከመስቀል አደባባይ ወደ ጎተራ በሚዘልቀው መስመር ላይ መኪና በፈለገበት ቦታ ተሻግሮ መዞር አይችልም። ከመስመሩ በአንድ ወገን ያለ ጣቢያ በማዶ ያለውን ቤት እያየው ርቆ ሊዞር ይችላል።

«ከምኑ ጀርባ ነው ያላችሁት?»

በአዲስ አበባ አድራሻ የሚነገረው በምልክት ነው። «ከመድኃኒት ቤቱ ጀርባ»፣ «ከወፍጮ ቤቱ ዝቅ ብሎ»፣ «ከመስጂዱ ፊት ለፊት» እንላለን። እሳት ሲነሣም ወደ 939 የሚደውለው ሰው የሚናገረው በዚሁ ቋንቋ ነው፤ ያውም እየተንቀጠቀጠ። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ይህ ይሠራ የነበረው ደዋዩም፣ ስልኩን የሚያነሣውም፣ ሾፌሩም ያንን ሠፈር ስለሚያውቁት ነው።

አሁን በካዛንቺስ ምልክቶቹ የሉም። መድኃኒት ቤቱም ወፍጮ ቤቱም ተነሥተዋል። መንገዱ ራሱ ተቀይሯል። አሮጌውን ሠፈር በልቡ የያዘ ሾፌር በአዲሱ ሠፈር እንግዳ ነው። በሌላ በኩል ወደ ከተማዋ ዳርቻ የሄዱት ነዋሪዎች ራሳቸው የሠፈራቸውን ስም በቅጡ ለመጥራት ገና እየተላመዱ ነው። በእሳት ጊዜ አድራሻ በመጠየቅ የሚያልፉት ሁለት ደቂቃዎች ከላይ ካሰላነው አራት ደቂቃ ግማሹ ናቸው። ስለዚህ የጣቢያው ዘመናዊነት የሚጀምረው ከመኪናው ሳይሆን ከስልኩ ነው። እያንዳንዱ ሕንፃ የሚነበብ ቁጥር፣ እያንዳንዱ መንገድ የተጻፈ ስም፣ የጥሪ ማዕከሉም ደዋዩ ያለበትን ቦታ በካርታ ላይ የሚያይበት ሥርዓት ሊኖረው ይገባል።

መሰላሉ ከማይደርስበት በላይ

በ2014 ዓ.ም. የካቲት የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ቁመቱ ከ200 ሜትር በላይ ነው። ከተማዋ ወደዚያ አቅጣጫ እየሄደች ነው። አንድ ፎቅ ከሦስት እስከ ሦስት ሜትር ተኩል ቢሆን 30 ሜትር የሚደርስ መሰላል የሚያዳርሰው ዘጠነኛ ወይም አሥረኛ ፎቅ ነው። ከዚያ የሚረዝሙ መሰላሎች በዓለም ላይ አሉ፤ ዋጋቸው ከባድ ነው፣ ለመቆምም ሰፊና ጽኑ መሬት ይፈልጋሉ። ቢገዙም እንኳ ሃያና ሠላሳ ፎቅ ያለውን ሕንፃ ከውጭ ሆኖ ማዳን አይቻልም። የረጅም ሕንፃ መከላከያ ውስጡ ነው፦ ጭስ የማይገባበት ደረጃ፣ ከታች እስከ ላይ የተዘረጋ የውኃ ቱቦ፣ የራሱ ፓምፕና ታንከር፣ የማስጠንቀቂያ ደወል፣ ሙቀት ሲሰማው ውኃ የሚረጭ መስመር።

ለንደን ይህን በመራራ መንገድ ተምራዋለች። ሰኔ 7 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ በረመዷን ሌሊት፣ 24 ፎቅ ባለው ግሬንፌል ታወር በአራተኛው ፎቅ ከአንድ ማቀዝቀዣ እሳት ተነሣ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከተደወለላቸው በኋላ በአምስት ደቂቃ ገደማ ደረሱ። የወጥ ቤቱንም እሳት አጠፉ። ነበልባሉ ግን በመስኮት ወጥቶ የሕንፃውን ፊት የሸፈነውን ክላዲንግ ይዞ ነበር። በአልሙኒየሙ መካከል ያለው ፕላስቲክ እሳቱን በግማሽ ሰዓት ገደማ ውስጥ እስከ ጣሪያ አደረሰው። ነዋሪዎቹ በቤታችሁ ቆዩ ተባሉ፤ ምክሩ ሲቀየር ለብዙዎች ረፍዶ ነበር። 72 ሰዎች ሞቱ። ከመካከላቸው ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የሄዱ፣ ልጆቻቸውን ይዘው የቀሩ ሙስሊም ቤተሰቦች ነበሩ። ለሱሑር ነቅተው የነበሩ ሙስሊሞች የጎረቤቶቻቸውን በር እያንኳኩ ብዙ ሰው እንዳተረፉም በወቅቱ በሰፊው ተዘግቧል። አላህ የሞቱትን ይማራቸው።

የግሬንፌል ትምህርት ለኛ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ቶሎ መድረስ የግድ ነው፤ ግን ብቻውን አይበቃም። ሁለተኛ፣ ሕንፃው ሲሠራ ያልታየ ስህተት እሳት ሲነሣ ይታያል። በአዲስ አበባ ብዙ ሕንፃዎች ፊታቸው በክላዲንግ ተሸፍኗል። ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፣ ሁሉም አደገኛ ነው አንልም። ግን ውስጡ ምን እንደሆነ መርማሪ ሊያየውና ሊጽፈው ይገባል።

የሕግ መነሻ የለም ማለት አይቻልም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ «ሐ» በሚባለው ምድብ ያሉት፣ ማለትም ከፍታቸው ከ12 ሜትር በላይ የሆኑትና ሕዝብ የሚገለገልባቸው፣ የመጠቀሚያ ፈቃድ ሳያገኙ አገልግሎት እንዳይጀምሩ ደንግጓል። ጥያቄው ይህ ፈቃድ ሲሰጥ የእሳት አደጋ ባለሙያ በሥፍራው ተገኝቶ ፓምፑን አስነሥቶ፣ ደወሉን አስጮኾ፣ የመውጫውን በር ከፍቶ ያያል ወይ የሚለው ነው። ፊርማ በወረቀት ላይ እሳት አያጠፋም።

ሐርጌሳና ሚና

ወደ ጎረቤታችን እንመልከት። መጋቢት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ምሽት፣ የረመዷን ዋዜማ ላይ፣ የሐርጌሳ ዋሂን ገበያ ተቃጠለ። ነጋዴው ለጾሙ ወር ዕቃውን ሞልቶ ነበር። ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጉ ሱቆችና መደቦች ወደሙ፤ ባለሥልጣናቱ ኪሳራውን በቢሊዮን ዶላር ገመቱት። የተሰጠው ምክንያት ለመርካቶ ሰው አዲስ አይደለም፦ መደብ መንገዱን ስለዘጋው መኪና መግባት አልቻለም።

ሌላው ምሳሌ ከዚህ ይለያል። ሚያዝያ 7 ቀን 1989 ዓ.ም. በሐጅ ወቅት በሚና ሜዳ የድንኳኖች እሳት ተነሥቶ 343 ሐጃጆች ሞቱ። ሳዑዲ ዓረቢያ ከዚያ በኋላ ያደረገችው ድንኳኑን ሁሉ እሳት በማይዘው ጨርቅ መቀየር፣ በድንኳን ውስጥ የጋዝ ምድጃ መከልከልና ሙቀት ሲጨምር ውኃ የሚረጭ መስመር መዘርጋት ነበር። ዛሬ ወደ ሐጅ የሚሄድ ሰው የሚያያቸው ነጫጭ ድንኳኖች የዚያ እሳት ትምህርት ናቸው። ሁለቱም ቦታዎች በእሳት ተፈትነዋል፤ ልዩነቱ ከእሳቱ በኋላ በተወሰደው ውሳኔ ነው። የኛ ከተማ ከሸማ ተራ በኋላ ከየትኛው ወገን ትሆናለች?

ዲናችን ምን ይላል?

አንዳንዱ አንባቢ የእሳት አደጋ ጣቢያ ከዲን ጋር ምን አገናኘው ይል ይሆናል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመዲና አንድ ቤት በሌሊት ከነሰዎቹ መቃጠሉ ሲነገራቸው እሳት ጠላታችን መሆኑን አስታውሰው ስንተኛ እንድናጠፋው አዘዋል፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ነፍስንና ገንዘብን መጠበቅ ሸሪዓ ከቆመላቸው ዓላማዎች መካከል ናቸው። አንድን ነፍስ ያዳነ ሰዎችን ሁሉ እንዳዳነ መሆኑንም ቁርኣን ነግሮናል። የፊቅህ ሊቃውንት «ፈርዱል ኪፋያ» የሚሉት፣ በቂ ሰዎች ከሠሩት ከሌላው የሚወርድ፣ ማንም ካልሠራው ግን ሁሉም የሚጠየቅበት ግዴታ አለ። እሳት ማጥፋት ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው።

ታሪካችንም ከተማን ከእሳት አንጻር ማሰብ እንግዳው አይደለም። የታሪክ ጸሐፊው አጥ-ጦበሪ እንደሚዘግቡት በሸምበቆ የተሠራችው ኩፋ በተቃጠለች ጊዜ ነዋሪዎቿ በጡብ ለመሥራት ኸሊፋ ዑመርን (ረ.ዐ) ፈቃድ ጠየቁ። እርሳቸውም ሲፈቅዱ ሕንፃው ከልክ እንዳያልፍ ገደብ ሰጡ። የከተማዋ መንገዶችም ዋናዎቹ አርባ ክንድ፣ ቀጣዮቹ ሠላሳና ሃያ፣ ጠባቦቹ መተላለፊያዎች ደግሞ ከሰባት ክንድ ያላነሱ ሆነው ተቀየሱ። ሰባት ክንድ በዛሬ መለኪያ ሦስት ሜትር ተኩል ገደማ ነው። የእሳት አደጋ መኪና ተዝናንቶ ለማለፍ የሚፈልገውም በዚሁ አካባቢ ነው። ከአንድ ሺህ ሦስት መቶ ዓመታት በላይ ካለፈ በኋላ እንዲህ ያለ ስፋት የሌላቸው መንደሮች በከተማችን ሞልተዋል።

ኢስታንቡልም ደጋግማ የተቃጠለች የእንጨት ከተማ ነበረች። በ1720 እ.ኤ.አ. ዳዉድ የተባለ እስልምናን የተቀበለ ፈረንሳዊ የእሳት ማጥፊያ ፓምፕ ሠርቶ፣ በፓምፑ የሚሠራ ቡድንም አቋቁሞ የከተማዋን መደበኛ የእሳት አደጋ አገልግሎት አስጀመረ። በ1828 እ.ኤ.አ. ደግሞ በበያዚት ከፍ ያለ የድንጋይ ማማ ተሠርቶ ጠባቂ ሌሊትና ቀን ጭስ ይመለከት ነበር። የዘመኑ ቴክኖሎጂ ያ ነበር፤ በዘመኑም ዘመናዊ ነበር።

ዘመናዊ ስንል ምን ማለታችን ነው?

የአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ሠራተኞች ብዙ ጊዜ ሕይወታቸውን አደጋ ላይ ጥለው እንደሚሠሩ እናውቃለን፤ ምስጋናም ይገባቸዋል። ምስጋና ግን መሣሪያ አይሆንም። ለቂርቆስና ለካዛንቺስ የሚመጥን ጣቢያ ስንል የምንጠይቀው እነዚህን ነው።

በመጀመሪያ ቦታ። ጣቢያው ወደ ሁለት አቅጣጫ የሚወጣበት በር ይኑረው፤ በሩ ፊት መኪና እንዳይቆም ይከልከል። በመሬት ሊዝ ከተማዋ ውድ ቦታ ለሆቴልና ለባንክ ስትሰጥ ለእሳት አደጋ የምትሰጠው የተረፈ ጥግ መሆን የለበትም።

ሁለተኛ ውኃ። ከተማዋ ውኃ በፈረቃ በሚዳረስባት ሁኔታ ቦቴ ተመላልሶ እንዲሞላ መጠበቅ ከእሳት ጋር መሽቀዳደም ነው። በእያንዳንዱ አዲስ መንገድ ዳር ግፊት ያለው የእሳት አደጋ ውኃ መሙያ ይተከል፤ በየጊዜው ይፈተሽ፤ አስፋልት እንዳይደፍነው፣ መኪና እንዳይቆምበት ይጠበቅ። የሆቴሎችና የትላልቅ ሕንፃዎች የውኃ ማጠራቀሚያዎችም በአደጋ ጊዜ ጥቅም ላይ እንዲውሉ ስምምነት ይደረግ።

ሦስተኛ ተሽከርካሪ። ባለ ረጅም መሰላሉ ለሕንፃው፣ ትንሹ መኪና ደግሞ ገና ላልፈረሱት ጠባብ መንደሮች ያስፈልጋል። ቂርቆስ ሁለቱንም ዓይነት ከተማ በአንድ ላይ የያዘች ናት። ባለ ሃያ ፎቅ ሕንፃ ጥላው የሚያርፈው በቆርቆሮ ቤቶች ላይ ነው። ለፎቁ ብቻ የሚያስብ ጣቢያ የድሃውን ቤት ይረሳል።

አራተኛ ሰው። የመተንፈሻ መሣሪያ፣ ሙቀት የሚከላከል ልብስ፣ የመለማመጃ ማማ፣ የሕይወት ዋስትና፣ ባለሙያውን በሥራው የሚያቆይ ደመወዝ ያስፈልጋል። አሥር ዓመት የሠራ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ሥራውን ለቅቆ ሲሄድ ከእርሱ ጋር የሚሄደው ዕውቀት በጨረታ አይገዛም።

አምስተኛ ቅድመ ዝግጅት። ጣቢያው እሳት እስኪነሣ የሚጠብቅ መሆን የለበትም። በክልሉ ያለውን እያንዳንዱን ትልቅ ሕንፃ፣ ገበያ፣ ትምህርት ቤት፣ መስጂድና ቤተ ክርስቲያን አስቀድሞ ይጎብኝ፤ መውጫው የት እንደሆነ፣ የመብራት ቆጣሪው የት እንዳለ፣ ጋዝ የት እንደሚቀመጥ መዝግቦ ይያዝ። ይህ ሥራ ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። የሚያድነው ግን ብዙ ነው።

«አገሪቱ ሌላ ስንት ችግር እያለባት ለዚህ ገንዘብ ከየት ይመጣል?» የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሳችን ሁለት ነው። ለከፍታ የሚከፍለው ከፍታ የሚሠራው ይሁን፤ ረጅም ሕንፃ ለመሥራት ፈቃድ የሚወስድ አልሚ ሕንፃው ለሚያስከትለው ተጨማሪ የመከላከያ ወጪ ድርሻውን ያዋጣ። ደግሞም የሸማ ተራን ዓይነት አንድ ሌሊት ነጋዴውን፣ አበዳሪውን፣ ግብር ሰብሳቢውን፣ ከሱቁ የሚበሉትን ቤተሰቦች ሁሉ እንደሚጎዳ እናስላ። ጣቢያ አለመሥራትም ወጪ አለው፤ የሚከፈለው ግን ዘግይቶ ስለሆነ በበጀት ሰነድ ላይ አይታይም።

የኛስ ድርሻ?

መንግሥትን ስንጠይቅ ራሳችንንም እንጠይቅ። በጁሙዓ ቀን በብዙ መስጂዶቻችን ዙሪያ መኪና በሁለት ረድፍ ይቆማል፤ ሶፉም ወደ መንገድ ይወጣል። በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ በሠፈሩ እሳት ቢነሣ መኪናው በየት ያልፋል? የመስጂድ ኮሚቴዎች አንድ መተላለፊያ ሁልጊዜ ክፍት የሚያደርጉ አስተናባሪዎችን ሊመድቡ ይችላሉ። ይህ የመንገድን ሐቅ መጠበቅ ነው።

በረመዷን ከመግሪብ በፊት ያለው ሰዓት ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በዚያን ሰዓት ምጣዱ፣ ከሰሉና ጋዙ በየቤቱ ይቀጣጠላል፤ መንገዱ ወደ ቤቱ በሚቻኮል ሰው ይዘጋል። እሳት የሚነሣበት ዕድል ሲጨምር እርዳታ የሚደርስበት ፍጥነት ይቀንሳል። ለሱሑር በድንግዝግዝ የሚለኮሰው ምድጃም እንዲሁ ነው።

መስጂዶቻችንና መድረሳዎቻችን ውስጥ ያለውን እንይ። ወለሉ ዳር እስከ ዳር ምንጣፍ ነው። ድምፅ ማጉያው፣ ማራገቢያውና መብራቱ በአንድ ሶኬት ላይ ተደራርቦ ይሰካል። የሴቶች መስገጃ ብዙ ጊዜ ከላይ ሆኖ መውረጃው አንድ ጠባብ ደረጃ ነው። ሌባ እንዳይገባ የተቆለፈ የኋላ በር ይኖራል። ኢማሞቻችን በአንድ ኹጥባ ስለዚህ ቢያስታውሱ፣ ኮሚቴዎችም የመብራት ባለሙያ ጠርተው መስመሩን ቢያስፈትሹ፣ በእያንዳንዱ መስጂድ ሁለት ማጥፊያ ሲሊንደር ተሰቅሎ አጠቃቀሙን የሚያውቁ አራት ወጣቶች ቢኖሩ ትልቅ ሥራ ነው። የአዲስ አበባ መጅሊስ ከኮሚሽኑ ጋር ተነጋግሮ ይህን ሥልጠና ለየመስጂዱ ማዳረስ ይችላል።

ነጋዴዎቻችን ዘንድ ደግሞ የዋስትና ጉዳይ አለ። ብዙዎች ኢንሹራንስ የማይገቡት በሸሪዓ ስለሚጠራጠሩት ነበር። አሁን ብሔራዊ ባንክ ለተካፉል መመሪያ አውጥቶ በዚህ መንገድ አገልግሎት የሚሰጡ ኩባንያዎች ስላሉ ዑለማዎችን ጠይቆ መወሰን ይቻላል። በእሳት ንብረቱን አጥቶ በዕዳ የተያዘ ነጋዴም ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ክፍሎች አንዱ የሆኑትን ባለዕዳዎች እንደሚያሰባስብ እናስታውስ። ሸማ ተራ ሲቃጠል ያየነው መተጋገዝ ጥሩ ነበር፤ በተደራጀ የዘካ ሥርዓት ቢደገፍ የበለጠ ይዘልቃል።

የሄዱትንም አንርሳ

ከካዛንቺስ የተነሡት ቤተሰቦች ዛሬ ከመሀል ከተማ ርቀው በጋራ መኖሪያ ቤቶች ይኖራሉ። በመሀል ከተማ ለሚሠሩት ሕንፃዎች ዘመናዊ ጣቢያ ስንጠይቅ ለእነርሱ የምንጠይቀው ከዚያ ያነሰ ሊሆን አይገባም። አሮጌው ሠፈራቸው የፈረሰባቸው ሰዎች አዲሱ ሠፈራቸው ከጣቢያ የራቀ ሆኖ ከተገኘ ጥበቃው የተሠራው ለሕንፃው እንጂ ለሰው አልነበረም ማለት ይሆናል።

ስለዚህ የከተማው አስተዳደር ለካዛንቺስና ለቂርቆስ የመደበውን የእሳት አደጋ አገልግሎት ለሕዝብ በግልጽ እንዲያሳይ እንጠይቃለን፦ ጣቢያው የት ነው፣ ውኃ መሙያው በየት በየት ተተክሏል፣ ከጥሪ እስከ መድረስ ስንት ደቂቃ ይፈጃል። ቁጥሩ በየዓመቱ ቢታተም ነዋሪው ይጠይቃል፤ ኮሚሽኑም በጀት ለመጠየቅ ማስረጃ ያገኛል።

እስከዚያው ድረስ ዛሬ ማታ ከመተኛታችን በፊት ምድጃውን እናጥፋ፣ ከሰሉን ከቤት እናውጣ፣ የማንጠቀምበትን ሶኬት እንንቀል፣ 939ን ለልጆቻችን በቃላቸው እናስይዝ። አላህ ከተማችንን፣ ቤታችንንና ገበያችንን ከእሳት ይጠብቅ፤ እሳት ለማጥፋት የሚወጡትንም በሰላም ወደ ቤተሰባቸው ይመልስ። አሚን።